ሳታነብ ያባዛችው ማስታወቂያ

በአሥራ አራት ዓመቷ የማተሚያ ቤት መቁረጫ ሁለት ጣቶቿን ወሰደባት። ቁስሉ አመርቅዞ ለጥቂት ተረፈች። ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ እዚያው ሥራዋ ላይ ተገኘች። "ስምንቱን ቤት አስቀምጬ ምን ላድርጋቸው?" አለች ይባላል።

ዛሬ ኮሌጁ በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ፎቶኮፒ ትሠራለች። ተማሪዎቹ እትዬ ኮፒ ይሏታል። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት፤ የሰው ወረቀት አታነብም። እኔም ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሬላት ነበር። ተሳስቻለሁ።

የመራጮች ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው እዚያው ኮሌጅ የምትማረው የእህቷ ልጅ መጣች።

"ተመዘገብሽ?"

"ተይኝ አክስቴ። እዚህ የተመዘገበ ከዶርም ይባረራል። ማስታወቂያው ማኅተም ሁሉ አለው።"

ልጅቱ ከግድግዳ የገነጠለችውን ወረቀት ዘረጋችው። በግራ ጠርዙ ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። የእትዬ ኮፒ ማሽን ድራሙ፣ ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ጥቅል፣ ከተጫረ ወዲህ በሁሉም ወረቀት ላይ የሚያወጣው መስመር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለከረባት ወጣት መቶ ቅጂ አስደርጎ፣ አመስግኗት ሄዷል።

መነጽሯን አድርጋ ማኅተሙን አየችው። የእግር ኳስ ክለብ ማኅተም ነው።

"ይሄ ሁሉ ተማሪ ኳሷን አላያትም?"

"ክብ ነገር ካየን መች እናነባለን፣ አክስቴ።"

በማግስቱ ምዝገባ ጣቢያው ሄዳ ጠየቀች። የተማሪ መታወቂያና ዶርም እንደሚኖሩ የሚገልጽ የኮሌጅ ደብዳቤ ይበቃል አሏት። ወደ ሬጅስትራር ሄደች። ፀሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች፣ "ደብዳቤው የሚደርሰው ለሳምንት ነው፣ እትዬ" አለቻት።

"ምዝገባው እኮ ነገ ይዘጋል።"

"የደብዳቤው ቅጽ አልቋል። ፎቶኮፒያችን ተበላሽቷል።"

እትዬ ኮፒ እጇን ዘረጋች። "አንዱን ስጪኝ። አንቺ ብዕርሽን አዘጋጂ።"

ቅጹን ስድስት መቶ አባዛች፤ ፀሐፊዋም እየሞላች ሰጠች። በዚያው ማሽን ሌላ ማስታወቂያም አወጣች፤ "ያንን ወረቀት ያባዛሁት እኔ ነኝ። ሳላነብ ነው። ውሸት ነው።" ከሥሩም ሙሉ ስሟን ጻፈች። በየዶርሙ ደረጃ እየወጣች ለጠፈችው።

በመጨረሻው ቀን ሰልፉ ጣቢያውን ዞረ። በሩ ሲዘጋ ሠላሳ ያህሉ ውጭ ቀሩ፤ እሷም የጣቢያውን ኃላፊ በወቀሳ ራቁቱን አስቀረችው።

በዕድሜዋ ሁሉ ከሠራችው የትኛው እንደሚበልጥባት ጠየቅኳት።

"ስሜን መጻፌ" አለችኝ። "አንብበው ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። የሳቀው ሁሉ ግን ሄዶ ተሰልፏል።"