ኔዲን ውድድሩን የተሸነፈች ዕለት

ጎረቤቴ ኔዲን ሀልቨርሰን ዕድሜዋን የፈጀችው አውሮፕላን ስትቀባ ነው። ይህን ስል አጥር እንደ መቀባት የሚመስለው ካለ ይታረም። በራዳር የማይታይ ተዋጊ ጄት ቅርጹ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ አንዲት ብሎን ጭንቅላቷን ብቅ ካደረገች ጉድ ፈላ። ኔዲን የብሎኑን ጉድጓድ በስቱኮ ትደፍናለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ካላረካት እንደገና ትጀምራለች። የጄቱን ገላ እንዳይጭረው ቀለበት ክልክል ስለነበር የጋብቻ ቀለበቷ ቀኑን ሙሉ ማድቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ቤት ስትገባ መጀመሪያ እሱን ታጠልቃለች፤ ጫማዋን የምታወልቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የምሠራው ለተፎካካሪው ካምፓኒ ነበር። በበረሃ ከተማችን በላንካስተር ይህ ማንንም አያስገርምም። ጠዋት አንዱ ወደ አንደኛው በር፣ ጎረቤቱ ወደ ሌላኛው በር ይነዳል፤ ማታ ሁለቱም አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሰለፋሉ። ለባልም ሆነ ለሚስት ምስጢር ላናወጣ ሁላችንም ፈርመናል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር "ሥራ እንዴት ዋለ?" ሲባል መልሱ ስለ ንፋሱ ነው። "ዛሬማ አሸዋውን አነሣው" ትላለህ፣ በቃ። ስንቱ ትዳር በንፋስ ወሬ ያረጀበት ሰፈር ነው።

በዚያን ጊዜ መንግሥት አዲስ የማይታይ ተዋጊ ፈልጎ ሁለት ቡድኖችን ያወዳድር ነበር። ሁለቱም ሠርተው ያበራሉ፤ ከዚያ አንዱ ይመረጣል፣ ሌላው ዕቃውን ይሰበስባል። የእነኔዲን አውሮፕላን ከእኛዋ ትፈጥናለች፣ ከራዳርም በደንብ ትሰወራለች። ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። የእኛዋ ደግሞ እንደ ልቧ ትታጠፋለች። ኮንትራት ግን በበረራ ብቻ አይገኝም። ማን በተባለው ዋጋ ይጨርሳል፣ ማን ከዚህ በፊት አሳፍሮናል፣ ይህ ሁሉ ይመዘናል። ገንዘቡን የሚያጸድቀው ደግሞ ኮንግረስ ነው፤ ስለዚህ ብልጥ ተጫራች ሥራውን እንደ ቅርጫ ሥጋ በየግዛቱ ያከፋፍላል። ክንፉ ለዚህ፣ ጭራው ለዚያ፤ ድርሻው የደረሰው ሁሉ ድምፁን ይሰጣል።

የኔዲን ባል ኦርቪል ከዚሁ ሙያ በሳንባ ሕመም የተሰናበተ ነው። ዕድሜ ልኩን የሳበው ብናኝ ሳንባውን ጨርሶበት፣ ሐኪሙ በሕይወት ያቆመህ ይህ የበረሃ ደረቅ አየር ነው ብሎታል። እውነትም አንድ በጋ እህቱን ሊጠይቅ ወደ ሉዊዚያና ግዛት ሄዶ፣ እርጥቡ ሙቀት ደረቱ ላይ ተቀምጦበት በአምቡላንስ ሆስፒታል ገብቷል። እዚህ ግን ደህና ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይነዘንዛል፣ በተለይ እኔን።

የሚስቱ ካምፓኒ እንዲያሸንፍ የነበረው ጉጉት ለጉድ ነው። የካምፓኒያቸውን ኮፍያ ከራሱ ላይ አያወርድም። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ፣

"አንተ ሰውዬ፣ የእናንተን ጋሪ የሚገዛ ተገኘ?" አለኝ።

"የእናንተዋን ፈልገው አጥተዋታል አሉ" አልኩት። "የማትታየውን ማን ይገዛል? ወደው ሳይሆን በግዳቸው የእኛን ይወስዳሉ።"

ተወራረድን። የተሸነፈው በሚቀጥለው የጓሮ ጥብስ ላይ የአሸናፊውን ኮፍያ አድርጎ ሊውል። ኔዲን ይህን ሁሉ እየሰማች ዝም ብላ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዝምታዋ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ኩራት አልነበረም። በኋላ እንደነገረችን፣ አለቃቸው ቀቢዎቹን ዝግ ክፍል ሰብስቦ፣ ካሸነፍን አውሮፕላኗ የምትገጣጠመው ሉዊዚያና ነው ብሏቸዋል። የዚያ ግዛት የኮንግረስ ሰዎች ድምፅ ያስፈልጋል፣ አውሮፕላን የሚገጣጠምበት ትልቅ ባዶ ሃንጋርም አላቸው። ቀቢዎቹ አብረው ይሄዳሉ፤ ያልሄደ ሥራው ያበቃል። የኦርቪል ሕክምና ደግሞ የሚሸፈነው በእሷ የሥራ መድን ነው። ከተሸነፉ ግን እዚሁ በረሃው ላይ ወደተጀመረ ሌላ ትልቅ አውሮፕላን ይዛወራሉ። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም ተብለው ተበተኑ።

ሴትዮዋ እንግዲህ ቀን ቀን አውሮፕላኗ እንድታሸንፍ በጣቷ ትሠራለች፣ ሲመሽ እንድትሸነፍ ትጸልያለች። ለባሏ መንገር አትችልም፤ ፈርማለች። ባሏ ደግሞ ኮፍያ አድርጎ ይጨፍራል። አንዲትም ብሎን ግን ሆን ብላ አላበላሸችም። በኋላ በቀልድ መልክ ብጠይቃት ስንት ቀን አኮረፈችኝ።

በዚያው ሰሞን ኦርቪል አዲስ ዐመል አወጣ። ኔዲን ሥራ ስትሄድ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋና ሙቅ ውሃ ይለቃል። መስኮቱ ከጓሮዬ ይታያል፤ በእንፋሎት ተሸፍኖ ውሃው እስኪንጠባጠብ ሰውዬው አይወጣም። ሲወጣ ፊቱ ቀልቶ፣ በረንዳው ላይ እያሳለ ይቀመጣል። በረሃ ላይ ውሃ ሲባክን ማየት ያናድደኛል። ኔዲንም ደርሳበት ተቆጣችው፤ ሽማግሌ ቢታጠብ ምን ነውር አለው ብሎ አለፋት። እኔም ለማን ነው የምትሽሞነሞነው እያልኩ አበሽቀው ጀመር።

ውሳኔው በተነገረበት ቀን የእነኔዲን ሰዎች ሃንጋራቸው ውስጥ ቆመው በድምፅ ማጉያ ሰሙት። የእኛዋ ተመረጠች። ትልልቅ ወንዶች አለቀሱ። ኔዲን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ አለቃዋም አቅፎ አጽናናት። እሷ ግን እጇን ያላነሣችው ፈገግታዋን እንዳያዩባት ነው። እፎይ አለች። ከዚያ ቀና ብላ የአውሮፕላኗን ሆድ ስታይ እውነተኛው ዕንባ መጣ፤ ትወዳት ነበር። በሰው ለቅሶ መሐል ማመስገኗም አሳፈራት። ቢሆንም ወደ ቤት ስትነዳ የመኪናውን መስኮት ከፍታ እየዘፈነች ነበር።

እኛም ጨፈርን። ጭፈራው ሳይበርድ ግን የእኛም ሥራ ወደ ሌላ ግዛት እንደሚሄድ ተነገረን፤ "የሚሸጥ ቤት" የሚል ሰሌዳ በየአሸናፊው ደጅ ተተከለ። እኔ ጡረታዬ ስለደረሰ ቀረሁ።

ቅዳሜ ጓሮዬ ውስጥ ሥጋ ጠበስን። ኦርቪል ቃሉን አክብሮ የእኛን ኮፍያ አድርጎ መጣ። እንዲህ ደስ ብሎት የተሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ልቤን ሊያደርቀው አስቦ መስሎኝ ነበር። የዚያን ጠዋት የከተማው ጋዜጣ የተሸናፊውን ዕቅድ የሉዊዚያናውን ሃንጋር ጨምሮ አውጥቶታል። ምስጢርነቱ አበቃ ማለት ነው። ኔዲን ሳህኗን አስቀመጠችና ለባሏ ሁሉንም ነገረችው፣ ጸሎቱንም አልደበቀችውም።

ኦርቪል ኮፍያውን አወለቀ።

"ዐውቅ ነበር" አላት።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። እዚህ ለዚያ ሥራ የሚበቃ ባዶ ሃንጋር የለም፤ ሉዊዚያና ግን አለ። እኔ እኮ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ሥራ ላይ ነው። ሥራው ድምፅ ወዳለበት እንደሚሄድ ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ያ ሁሉ ጭፈራ? ያ ኮፍያ?"

"ምን ላድርግ? እንዲህ የለፋሽበትን ለእኔ ስትይ እንዲወድቅ ስትመኚ ዝም ብዬ ልይሽ?"

የኔዲን ፊት ተለወጠ።

"ኦርቪል፣ ያ ሙቅ ውሃ…"

"እየተለማመድኩ ነበር" አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ። "ሉዊዚያናን። በሩን ዘግቼ እንፋሎቱን ስተነፍስ… በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብጨምርበት ሳንባዬ ይለምደዋል ብዬ።"

"ለመደልህ?"

"ኧረ ምኑን ለመደው" አለ። "ልሞት ነበር።"

በእጇ የያዘችውን ፎጣ ወረወረችበት። ከዚያ ሄዳ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፤ እሱ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ መቆንጠጫውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሥጋውን የሚያገላብጠው ጠፍቶ አረረ። ያረረውን በላነው፤ ኦርቪልማ ሁለተኛ ሳህን አስጨመረ። ከዚያ ወዲህ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ በሩንም አይዘጋም።