የበረኞቹ አሰልጣኝ ዋና የሆነበት ቅዳሜ

ግንቡ ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት በር ጠብቆ ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ በዚያው ክለብ የበረኞች አሰልጣኝ ሆነ፤ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመቱ።

ኳስ ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል ነገር ይመስላል፤ አሥራ አንድ ሰው ይሮጣል፣ አንድ ሰው ዳር ቆሞ ይጮኻል። ውስጡ ገባ ሲሉ ግን ሌላ ነው። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሳጥን ክምር የመሰለ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ከላይ ፕሬዚዳንቱና ቦርዱ፣ ከሥር ሥራ አስኪያጇ፣ ከእሷ ሥር ተጫዋች የሚያስፈርመው ቴክኒክ ዳይሬክተር፣ ቀጥሎ ቡድኑን የሚያሰልፈው ዋና አሰልጣኝ፣ ከዚያ ልምምዱን የሚመራው ምክትል፣ የአካል ብቃት አሰልጣኙ፣ ወጌሻው። የበረኞች አሰልጣኝ የሚል ሳጥን ሲታተም ተረስቶ ኖሮ ከወጌሻው ጎን በእስክሪፕቶ ተጨምሯል። ወጌሻው እስከ ዛሬ ግንቡን «ጎረቤቴ» ነው የሚለው።

የሆነው ሆነና የውድድሩ ዓመት ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ዋና አሰልጣኙ ለሌላ ክለብ ፈርሞ ሄደ። ረቡዕ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ውስጥ የቀረው አንድ እግር ካልሲ ነው። ቅዳሜ ካላሸነፉ ክለቡ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል። አቻም አያድናቸውም።

ሥራ አስኪያጇ ምክትሉንና ግንቡን አስጠራቻቸው። ምክትሉ ገና አርባ ያልሞላው፣ ሰሌዳና ማግኔት ከእጁ የማይለይ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። ሁሉም ወንበሩ የእሱ ነው ብሎ ነበር። ችግሩ በሊጉ ደንብ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የሚመዘገበው ኤ ላይሰንስ የሚባለው ከፍ ያለ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ምክትሉ ደግሞ ያለው ቢ ነው። በክለቡ ውስጥ ኤ ላይሰንስ ያለው ሌላ ሰው ማነው ተብሎ ፋይል ሲገላበጥ የግንቡ ምስክር ወረቀት ወጣ። ከአራት ዓመት በፊት የተሰጠ ነው። ማንም አያውቅም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅማ።

«ጋሽ ግንቡ፣ እኛ የምንፈልገው ስምዎን ብቻ ነው» አለችው ሥራ አስኪያጇ በትህትና። «ሥራውን እሱ ይሠራዋል። እርስዎ አይጨነቁ።»

«አልጨነቅም» አለ ግንቡ።

«ደግሞ የቅያሪ ወረቀት ያለ ዋና አሰልጣኙ ፊርማ አራተኛው ዳኛ አይቀበልም። ሜዳ ላይ ግርግር እንዳይፈጠር ከአሁኑ ቢፈርሙልን።» አምስት ባዶ ወረቀት አቀረበችለት። በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች ነው የሚቀየረው። አምስቱም ላይ ፈረመ። ምክትሉ ሰብስቦ ኪሱ ከተታቸው።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ፊቱን አይታ የልብስ ስፌቷን አቆመች።

«ምን ሆነሃል?»

«ዋና አሰልጣኝ ሆንኩ።»

ከወንበሯ ተነሳች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሲነግራት ግን ተመልሳ ተቀመጠች።

«እና ምን ላይ ነው የፈረምከው?»

«ባዶ ወረቀት ላይ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የሚፈርም ባል ይዤ ነው ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት?»

«ለአንድ ቀን እኮ ነው።»

«ለፈተናው ስታጠና ገበታው ላይ ማንኪያ ተከላካይ፣ ሹካ አጥቂ እያደረግኩ ያሰለፍኩልህ ለአንድ ቀን ፊርማ ነው?»

ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። እሷም አልገፋችበትም። ይህን ታሪክ የጻፍኩት እኔ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ለምን እንደፈረመ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ የኔ ቃል ሜዳ ገብቶ ሲሠራ ማየት እፈልግ ነበር። እሷ ይህን ታውቃለች። ለዚህ ነው የተናደደችው።»

ቅዳሜ ስታዲየሙ አፉ ድረስ ሞላ። መቀመጫ ያጣው ደረጃ ላይ፣ ደረጃ ያጣው አጥር ላይ ነው። ግንቡ «ዋና አሰልጣኝ» የሚል ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ዳር፣ ወጌሻው አጠገብ ተቀመጠ። ምክትሉ መስመሩ ላይ ቆሞ ጮኸ።

በሠላሳኛው ደቂቃ ጎል ገባባቸው። ከእረፍት መልስ አንድ ለአንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ኳሷ እንደ ተረገመች እምቢ አለች። ምክትሉ ሁለት ሰው ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ሰባኛው ደቂቃ አለፈ፤ ሰባ አምስተኛው መጣ። ከጀርባቸው ያለው ሕዝብ ሰዓቱን መቁጠር ጀመረ።

ግንቡ የሚያየው ኳሷን አልነበረም። የተቃራኒውን በረኛ ነበር። ሰውየው በስድሳኛው ደቂቃ ላይ ከቋሚው ጋር ተጋጭቶ ወድቆ ነበር። ተነስቶ እጁን አወናጨፈ፣ ሳቀ፣ ደህና ነኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ኳስ የሚወረውረው በግራው ነው። ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ በግራው ይመታል እንጂ በሁለት እጁ አይዝም። ቀኝ ትከሻው አልቋል። ሠላሳ ዓመት ከበር ጋር የኖረ ሰው ካልሆነ ይህን ማን ያያል?

ብድግ ብሎ ምክትሉ ጋ ሄደ።

«ስማ፣ በረኛው ቀኝ እጁን አያነሳም። ረጅሙን አጥቂ አስገባና ኳስ ወደዚያ ጎን ይሻማ።»

«ጋሼ እባክህ ተቀመጥ። እቅድ አለኝ።» ፈጣኑን የክንፍ ተጫዋች ሊያስገባ፣ አማካዩን ሊያስወጣ ሦስተኛውን ወረቀት ሞልቶ ለአራተኛው ዳኛ ሰጥቶ ነበር።

የግንቡ እግር ወደ ወንበሩ ዞረ። አንድ እርምጃም ሄደ። ከዚያ ተመልሶ አራተኛው ዳኛ ፊት ቆመ።

«ዋና አሰልጣኙ እኔ ነኝ» አለ። ቃሉን ከቤቱ ውጭ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። «የያዝከው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው፤ ጽሑፉ ግን የኔ አይደለም። መልስልኝ።»

አራተኛው ዳኛ ካርዱን አየ፣ ዝርዝሩን አየ፣ ምክትሉን አየ። «እና የቱን ልቀበል?»

«አሁን የምጽፈውን።»

ሥራ አስኪያጇ ከክብር ወንበሯ ብድግ አለች። ምክትሉ ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው? ባይሳካ ክለቡ ይወርዳል። ተጠያቂው አንተ ነህ።»

«ስሜ ከተጻፈበት ሰዓት ጀምሮ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አሁን ትዝ ቢለኝ ምን ይገርማል?» እስክሪፕቶውን ከወጌሻው ተቀበለ። «ያንተም ፈጣን ይገባል፤ ከቀኝ መስመር ያሻማ። ረጅሙ ደግሞ ሩቁ ቋሚ ጋ ይቁም። ሁለቱንም እጽፋለሁ። ሁለት ወረቀት ስጠኝ።»

በረኛው በዚያች ቅጽበት ኳስ በግራ እጁ ወረወረ፤ ምክትሉም አየ። እጁን ኪሱ ከተተና ወረቀቶቹን አወጣ።

«ረጅሙ የሚገባው በማን ቦታ ነው?» አለ።

«በግራ ተመላላሹ።»

«ታዲያ ከኋላ ሦስት እንቀራለን። አማካዩ እንዳይወጣ፤ ወደ ኋላ ላውርደውና ሌላውን አጥቂ እናስወጣ።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ጻፍልኝና አንብቤ ለዳኛው ልስጥ።»

ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱ ገቡ። የመጀመሪያዋ የተሻማች ኳስ ከሁሉም በላይ አልፋ ወጣች፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። ሁለተኛዋን ረጅሙ በግንባሩ ገጭቶ ወደ ሰማይ ሰደዳት። «እግዜር ይይልህ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ላይ መጣ። ምክትሉ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ራቅ አድርገህ! ራቅ!» እያለ ይጮኻል።

ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ፈጣኑ ተከላካዩን ቆርጦ አለፈና አሻማ። ኳሷ በሁሉም ራስ ላይ ተንሳፍፋ ሩቁ ቋሚ ጋ ወረደች። በረኛው ግራ እጁን በፊቱ አሻግሮ ዘረጋ፤ አንድ ጣት ቀረው። ረጅሙ ግንባሩን ሰጣት። መረቡ ሲወጠር ስታዲየሙ የተናደ መሰለ። ወጌሻው ሳጥኑን ጥሎ የግንቡ አንገት ላይ ተጠመጠመ፤ በረዶው፣ ፋሻው፣ ቅባቱ ሣሩ ላይ ተበተነ። የቀረውን አምስት ደቂቃ ማን እንዴት እንዳለፈው የሚያስታውስ የለም።

ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ጠባቧን ክፍል ሞሉ። በተያዘው እቅድ መሠረት መግለጫ ሰጪው ምክትሉ ነውና መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሥራ አስኪያጇ ከጎኑ። ግንቡ ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አንዲት ጋዜጠኛ እጇን አወጣች።

«ጨዋታውን የቀየረው ያ ቅያሪ የማን ውሳኔ ነበር?»

ሥራ አስኪያጇ «እንደ ክለብ እኛ...» ብላ ጀመረች። ምክትሉ ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገው።

«የዋና አሰልጣኙ ውሳኔ ነው። እኔማ ተቃውሜ ነበር» አለና ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀ። «ጋሼ፣ ና ተቀመጥ። ስለ ትከሻው ንገራቸው።»

ግንቡ ሄዶ ተቀመጠ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ።

«በረኛ ሲታመም» አለ፣ «መጀመሪያ የሚደብቀው ፊቱን ነው። ስለዚህ ፊቱን አትዩ...»

ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን ሁለቴ አየች። ሊያቋርጠው የደፈረ ግን አልነበረም።