ሲታተም የተቋረጠው ጥሪ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የኮሌጃችንን መጽሔት አዲስ እትም በካርቶን አሸክሞ በየቢሮው አዞረኝ። የመረጃ ቴክኖሎጂ ተግባራዊ ምርምር የምናሳትምበት ነው። በማግስቱ ብዙዎቹ ከኮምፒውተራቸው ሥር ደርድረው ስክሪኑን ከፍ አድርገውበት አገኘሁ። ለአለቃዬ ነገርኩት።

"ዋናው መታተሙ ነው፤ ትለምደዋለህ" አለኝ።

ለመድኩት። አርታኢ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ስንቱ ጥናት በእጄ አለፈ። አንዱ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያመጣችው ሕይወት የምትባል መምህርት ናት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ እንጦጦ ጥግ ባለች ጤና ጣቢያ፣ እናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀን ይረሱ ነበር። እሷ የሠራችው ፕሮግራም ቀኑ ሲደርስ ለእናትየው ስልክ ደውሎ በአማርኛ ያስታውሳታል። የተቀዳው ድምፅ የራሷ የሕይወት ነው። የሚደውለው ኮምፒውተር እኛ ግቢ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ቶሎ ይውጣልኝ። ከታተመ የሚመለከተው አካል አይቶ ይረከበኛል" ትለኝ ነበር።

ገምጋሚዎች ደጋግመው መለሱባት፤ ደጋግማ አረመች። በመጨረሻ ታተመ።

እኛ ጋ የታተመ ጥናት ተጠናቀቀ ይባላል። የተጠናቀቀ ጥናት ዕቃ ደግሞ ወደ ንብረት ክፍል ይመለሳል። ኮምፒውተሩን ነቅለው፣ በውስጡ ያለውን አጥፍተው ለሌላ ፕሮጀክት ሰጡት። ሕይወት የሰማችው ካለቀ በኋላ ነው። ተያይዘን የኮሌጁ የምርምር ዳይሬክተር ዘንድ ገባን።

"ታትሞልሻል እኮ፤ ምን ቀረሽ?" አላት። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

"ጥሪው ቀረ፣ ዶክተር።"

"እሱን በሚቀጥለው ጥናት ታይዋለሽ። ፕሮፖዛል አስገቢ።"

የሚመለከተው አካል አልመጣም። ከወራት በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሕይወትን ጠራቻት፤ አብሬያት ወጣሁ። አንዲት እናት በኩፍኝ የታመመ ልጇን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሳይከተብ የቀረ ልጅ ነው።

"እግዜር ይማርልሽ፣ እናቴ" አለቻት ሕይወት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። ድምጿን አውቃዋለች።

"አንቺ ነሽ እንዴ የምትደውይልኝ? ዝም ስትዪ ቀኑ አልደረሰም ብዬ ተቀመጥኩ።"

ዓመቱ ሳያልቅ ሕይወት ማስተማሩንም ተወችው።

መጽሔቱ ዛሬም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ። መደምደሚያው አገልግሎቱ በሥራ ላይ እንደሚገኝ ይናገራል። ዓረፍተ ነገሩን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ሲታተም እውነት ነበር።

ለተተኪዎቼ የምለው ይኼን ነው። ጥናቱ ከመታተሙ በፊት፣ በማግስቱ ሥራውን ማን እንደሚይዘው ጠይቁ። የሚይዘው ካልተገኘ አታሳትሙት።