ሦስት ጫፍ

ደብረ ብርሃን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተማርኩ ነው። ዛሬ መምህሩ አሮጌ የመንገድ ምልክት ሲያስይዘኝ የብረቱ ቅዝቃዜ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ከአባቴ ጋር በአይሱዙ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስንወርድ ጉም መንገዱን ዋጠው። አባቴ መኪናውን አቁሞ አወረደኝ። ዳር ላይ ምልክት ቆማለች፤ ፊቷ በጭቃ ተሸፍኗል። ብድግ አድርጎ አቀፈኝና፣ «ዙሪያዋን ዳስሺ» አለኝ።

«ሦስት ጫፍ አላት፣ አባዬ።»

«ተጠንቀቁ እያለችን ነው። ከምን እንደሆነ እሷው ታውቃለች።»

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጉሙ ሲገለጥ መንገዱ ከፊታችን ድንገት ታጥፏል፤ ቀጥታው ገደል ነው። አባቴ አማተበ። እኔ ምልክቷን አንጋጥጬ አየኋት፤ ዓይን ሳይኖራት ከእኛ ቀድማ አይታለች።

«ትርጉሙ ምንድነው?» አለኝ መምህሩ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዙን ዳሰስኩ። ሦስተኛው ጫፍ ላይ ስደርስ፣ «ተጠንቀቁ እያለችን ነው» አልኩት።