የውሃ አባቱ ማሳ ወደ ግርጌ ሲወርድ

ቁጥጥር የሚባለውን ነገር እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ዱላ ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ወይም የሰው ኪስ የሚፈትሽ አለቃ ይታያቸዋል መሰለኝ። እኔ የተማርኩት ማኔጅመንት ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ዕቅድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደማይሠራ አስተማሪዎቼ ደጋግመው ነግረውኛል። ሰው ጠዋት ተነስቶ የራሱን ጉዳይ ሲሠራ ዕቅዱንም አብሮ እየሠራ ካልሆነ፣ ያ ዕቅድ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ይህን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ነው፤ ያመንኩት ግን ከሸዋሮቢት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመስኖ ቦይ ዳር ነው።

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስመጣ ቆላው በላብ ተቀበለኝ። ገበሬዎቹ "ደገኛዋ ቀለጠች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እውነትም ቀልጬ ነበር። ቢሮዬ ከተማ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ስለሆነና ማራገቢያ ስላለው ከዚያ መውጣት አልወድም ነበር። ግድግዳው ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት ያወጡት ዕቅድ ተለጥፏል። ዕቅዱ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም እሟገትለታለሁ። ከቦዩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያለው ገበሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሽንኩርት ይተክላል፣ በአንድ ጊዜ ይነቅላል፣ አይሱዙ ማሳው ድረስ ይመጣለታል። ለአንድ ሰው ሽንኩርት ብሎ ኮረኮንች የሚገባ ሾፌር የለም። አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲያደርስ ግን ነጋዴው ራሱ መጥቶ ደጅ ይጠናል።

ዕቅዱ የሚሰበረው መሃል መንገድ ላይ ነበር። ገበሬዎቹ ወንዙ የሚጠለፍበትን የላይኛውን በኩል ራስጌ፣ ቦዩ የሚያልቅበትን የታችኛውን በኩል ግርጌ ይሉታል። ራስጌ ላይ ያለው ሽንኩርት ጠጥቶ ይፋፋል። የግርጌው ግን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው፤ ወንዝ አጠገብ ቆሞ ይደርቃል። ግማሹ አገር ሽንኩርት ሳያደርስ ደግሞ አይሱዙ አይመጣም።

ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ናቸው። ይህ ሹመት ከማኅበሩ በፊት የነበረ ነው። የውሃ አባት ማለት ገበሬው ተሰብስቦ የሚመርጠው፣ ተራ የሚያሲዝና የውሃ ጠብ የሚዳኝ ሰው ነው። በእኔ ጊዜ የነበሩት መካ ደርሰው የተመለሱ ሽማግሌ ስለሆኑ ትንሽ ትልቁ ሐጂ ይላቸዋል። ለድካማቸው የሚያርሱት አንድ የጋራ ማሳ አለ። ያ ማሳ ከጥንት ጀምሮ ያለው ራስጌ፣ ውሃው ከወንዙ ወደ ቦዩ የሚገባበት አፍ ላይ ነው።

በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ እጠይቃቸዋለሁ።

"ሐጂ፣ ውሃው እንዴት ሆነ?"

"ወላሂ ለቅቄዋለሁ፤ ቦዩ ጢም ብሎ ወርዷል፣ አልሐምዱሊላህ።"

በዚህ ያበቃል። ሐጂ ወላሂ ካሉ በኋላ ሄዶ ማየት ሐጂ ዋሽተዋል ማለት ነው፤ ይህን የሚደፍር ሰው በዚያ አገር አልነበረም። የግርጌ ሰዎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ሐጂ አለመዋሸታቸው ነው። ውሃውን ለቀዋል። በማሳቸው ፊት ሲያልፍ ቦዩ እውነትም ጢም ያለ ነው። ከእሳቸው ማሳ ወዲያ ባለው ቦይ ላይ ግን ጉዳይ ስላልነበራቸው ወርደው አያዩም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አንዲት ሴት ቢሮዬ ገባች። ከግርጌ በእግሯ ነው የመጣችው። አጣዬ የነበረው ቤቷ ተቃጥሎባት፣ ልጆቿን ይዛ አጎቷ ባወረሷት መሬት ላይ የሰፈረች ናት። መሬቱን በሙሉ ሽንኩርት ተክላበታለች። ውሃ ጠጪ ብላት እምቢ አለች። ከሻርፗ ውስጥ አንድ የተነቀለ ሽንኩርት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኗል፣ ራሱ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም።

"እትዬ፣ ይሄ ቶሎ ውሃ ካላገኘ ከዚህ አይበልጥም" አለችኝ።

"ውሃው ወርዷል ተብዬ ነበር።"

"ለማን?"

ግድግዳው ላይ ወዳለው ዕቅድ ዞር አልኩ።

"ይሄ ከሞተ ልጆቹን እህቴ ዘንድ ትቼ አዲስ አበባ ሰው ቤት እገባለሁ። አንዴ ተነቅያለሁ፤ እንደገና ተነቀዪ ካላችሁኝም እሄዳለሁ።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ አጽናንቼ እሸኛት ነበር። ያች ሽንኩርት ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድማ ማራገቢያው ደረቅ ቅጠሏን ሲያወዛውዘው ግን ንዴቴ መጣ። ስናደድ ደግሞ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ባጃጅ ጠርቼ ይዣት ወጣሁ፤ ባጃጁ ከማይገባበት በእግራችን ቀጠልን። ከማሳዋ ተነስተን ቦዩን ተከትለን ወደ ላይ ወጣን። ታች ያለው ቦይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እንሽላሊት ይሮጥበታል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እርጥበት እያየን ሄድን፤ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ። የቦዩ ግድግዳ እዚህም እዚያም ተነድሎ ውሃ ወደ ማሳ ይገባል። ተራቸው ያልሆነ ሰዎች ሽንቁራቸውን በጭድና በጭቃ ይደፍኑና ሰው ዞር ሲል ይከፍቱታል። አንዱን ሰው ከነአካፋው ስናገኘው ሰላምታውን አሳምሮ ሰጠን። ሽንቁሩ ላይ ቆሞበት ነበር።

በፊት ዘበኛ ተቀጥሮ እንደነበር ሰምቻለሁ። ዘበኛው የአንዱ የራስጌ ሰው የእህት ልጅ ሆኖ ተገኘ። እሱን የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ ብቀጥር ያኛው ደግሞ የአንዱ አማች ነው የሚሆነው፤ ይፋት ተዛምዶ ያለቀ አገር ነው። ቅጣት ብናወጣም ቀጪው አጎት፣ ተቀጪው የወንድም ልጅ ይሆንና ነገሩ በሽምግልና ያልቃል። ስለዚህ ሰው የሚያባርር ሰው መፈለግ ትቼ ሌላ ነገር አሰብኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ሰው ይህን ተረት ለወቀሳ ነው የሚጠቀምበት፤ እኔ ለሥራ ተጠቀምኩበት። ማኅበሩ ቦዩ ፈጽሞ በሚያልቅበት ቦታ፣ ከሴትዮዋ ማሳ ቀጥሎ፣ በውሃ እጦት ጦም ያደረ መሬት ነበረው። የውሃ አባት ማሳ እሱ ይሁን፣ የራስጌው ደግሞ የማኅበሩ ችግኝ ማፍያ ይሁን አልኩ።

የኮሚቴው አባላት ይህን ሲሰሙ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። በዚያ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ራስጌ ነው። ሐጂን ያህል ሰው ግርጌ ማውረድ በአደባባይ መሻር ይመስላል። አሳቡን አልጠሉትም፤ ማን ይንገራቸው ሲባል ግን ሁሉም ጫማውን አየ። እኔው ሄድኩ።

ከአስር ሰላት በኋላ ደጃቸው ማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፓፓያ አስቆርጠው አቀረቡልኝ። እሳቸውን እወዳቸው ስለነበር አንድ ቁራጭ እስክበላ ጉዳዩን አቆየሁት። ቢሆንም ሳላዞር ተናገርኩ።

እሳቸውም "ልጄ፣ ወላሂ ብዬ ነግሬሽ አላመንሽኝም ማለት ነው?" አሉኝ።

"አምኜዎታለሁ ሐጂ። ውሃው ከእርስዎ ማሳ ካለፈ በኋላ የሚሆነውን ግን እርስዎም አያዩም፣ እኔም አላይም ነበር። አሁን አይቼ መጣሁ።"

"አባቴም የውሃ አባት ነበር። ማሳው ራስጌ ነበር። በእሱ ጊዜ ማንም ተጠማሁ አላለም።"

"በእሳቸው ጊዜ ግርጌው ምን ነበር?"

ወደ ቆላው አሻግረው አዩ። "ግራር ነበር" አሉ። "ግመል ይሰማራበት ነበር።"

"ዛሬ ሰው አለበት። ሽንኩርት ተክሉ ብለን ያስተከልናቸው እኛ ነን።"

ፓፓያውን ገፋ አድርገው ብይ አሉኝ። ስነሳ "አስብበታለሁ፣ ኢንሻአላህ" አሉ። እዚህ አገር ኢንሻአላህ እሺም እምቢም ሊሆን እንደሚችል በላብ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ ነው። እንደማይቀሩ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ግመሉን ራሳቸው ናቸው ያነሱት።

በማግስቱ ጠዋት አካፋቸውን በትከሻቸው አድርገው ቦዩን ተከትለው ሲወርዱ ሰው ሁሉ አየ። እኔና የኮሚቴው ሰዎች ከኋላቸው ተከተልን። የመጀመሪያው ሽንቁር የገዛ ልጃቸው ማሳ ላይ ነበር። ልጅየው ጎልማሳ ነው፣ የልጆች አባት ነው፤ አባቱን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሐጂ አካፋውን ከትከሻቸው አውርደው ጭቃ ዛቁና ሽንቁሩ ላይ ጣሉ። ሁለተኛውን ሊዝቁ ሲሉ ልጅየው ገብቶ አካፋውን ከእጃቸው ተቀበለና ራሱ ደፈነው። ፊቱ ቀልቶ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ቦዩ ውስጥ ታጥበው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በታች የሚደፈን ብዙ አላገኘንም። ወሬው ቀድሞን ወርዶ ነበር፤ በየማሳው የተለሰነ አዲስ ጭቃ እያየን፣ ከመጠን ያለፈ ሰላምታ እየተቀበልን ወረድን።

የላይኞቹ ተራቸውን ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ፣ በሌላ ቀን ጠዋት፣ ውሃው ግርጌ ደረሰ። ፊት ፊት ጭድና ደረቅ ቅጠል እየገፋ፣ መሬቱ ውስጥ እየሰመጠ፣ እንደገና እየሞላ መጣ። ሴትዮዋ ዶማዋን ይዛ ማሳዋ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ሐጂ ከሷ ቀጥሎ በአዲሱ ማሳቸው ጫፍ ላይ ቆመዋል። ውሃው እግሯ ሥር ሲደርስ ልትከፍት ጎንበስ አለችና ተወችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሽማግሌ ሲቀድም ያየች ናት።

"ሐጂ፣ ተራው የማን ነው?" አለች።

"ያንቺ ነው ልጄ። መጨረሻ እኔ ነኝ" አሉ።

ከፈተችው። ትልሙን እየተከተለ ሽንኩርቱ መሃል ሲገባ አፈሩ ይንጫጫል። ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከሷ እስኪተርፍ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። በዚያች ሰዓት ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ላቤ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ደገኛ መሆን እዚያ ጋ ጠቀመኝ።

ከዚያ ወዲህ የሳምንቱ ስብሰባ አጠረ። "ሐጂ፣ ውሃው እንዴት ሆነ?" ስላቸው "የእኔ ማሳ ጠጥቷል" ይላሉ፤ ሌላ ጥያቄ አይነሳም። የእሳቸው ማሳ ከጠጣ ከበላዩ ያለው ሁሉ ጠጥቷል። ካልጠጣም ስብሰባ አይጠብቁም፤ አካፋቸውን ያነሳሉ። ማንም ሐጂን አልተቆጣጠራቸውም፣ ቃላቸውንም አልተጠራጠረም። ግድግዳዬ ላይ የነበረው ዕቅድ ደግሞ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሽንኩርት ሆኖ ደረሰና አይሱዙዎቹ አቧራ እያስነሱ ገቡ። ሴትዮዋ አዲስ አበባ አልሄደችም።

በዚያው ሰሞን ስብሰባ ላይ ኩራት ኩራት እያለኝ ተቀምጬ ሳለ ሐጂ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ የእኔን ማሳ ግርጌ አወረድሽው፤ ደግ አደረግሽ። ያንቺስ ወንበር የት ነው?"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ።

"አቤት የሚል ሰው ከግርጌ ሮቢት ድረስ በዚህ ፀሐይ ይሄዳል" አሉ። "አንቺ ዘንድ የሚደርሰው እግሩ የበረታ ብቻ ነው። ሌላው በየቤቱ ይደርቃል።"

በክርክር መሸነፍ አልወድም፤ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ይህ ግን ሽንፈት አልነበረም፣ የገዛ አሳቤ ነው ተመልሶ የመጣብኝ። ያች ሴት ቀትር ላይ እኔ ዘንድ ለመድረስ እግር ባይኖራት ኖሮ፣ እኔ እስከዛሬ ማራገቢያዬ ሥር ሆኜ ቦዩ ጢም ብሏል እየተባልኩ እኖር ነበር። በወሩ ጠረጴዛዬን በጋሪ አስጭኜ ወረድኩ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል ናት፣ ግራር ሥር፣ የሐጂ ማሳ አጠገብ። ማራገቢያ የላትም፤ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ትግላለች፤ እኔም አማርራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ውሃው ዘገየ። ሐጂ ለለቅሶ ማጀቴ ከተማ ሄደው ነበር። ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳና ከፈትኩ፤ ያች ሴት ናት። በእጇ የደረቀ ሽንኩርት እንደማይ ጠብቄ ነበር። የያዘችው ሁለት አካፋ ነው፤ አንዱን ወደኔ ዘረጋችው።

"እትዬ፣ ይነሱ" አለችኝ። "ሐጂ እስኪመጡ አንጠብቅም።"