በርበሬ ገዢ ያጣበት ዓመት

ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ነው። እኔ ከጎጃም መጥቼ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ እሸጥ ነበር። እሷ የዚያው አገር፣ የመስቃን ልጅ ናት፤ ከገበሬው ዛላ በርበሬ እየሰበሰበች ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ታስረክባለች።

ከተጋባን ጀምሮ አንድ ጠባይዋ ይገርመኝ ነበር። ገበያው በደራበት ዓመት እንኳ ያላትን ሁሉ በርበሬ ላይ አታውልም። ብዙውን የማይናወጥ ነገር ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከአባቷ የወረሰችው የእንሰት ማሳ አለ፣ ጓሮ የሠራናቸው የኪራይ ክፍሎች አሉ፣ ባንክም የማይነካ ገንዘብ አለ። የምትነግደው በተረፈው ነው። ከዚያም ላይ ቆንጠር አድርጋ ሌላው የማይደፍረውን ትሞክራለች። አንዴ የፈረንጅ ዶሮ አርብታ በበሽታ አለቁባት። ሌላ ጊዜ የዘይት መጭመቂያ ገዝታ ሳይሠራ ቀረ። ሳጽናናት፣ «ቢጠፋ የማያስለቅሰኝን ነው ያወጣሁት» አለችኝ።

የበርበሬ ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ከተማው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። መጋዘናቸው ከእኛው መጋዘን ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ሀጂ ነበሩ፤ ደግ ጎረቤት። ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ተበደሩና መጋዘኑን እስከ ጣሪያው ሞሉት። የእኔም ልብ ሸፈተ። አንድ ቀን ምሳ ላይ የእንሰቱን ማሳ እንሽጠውና በርበሬ እንግዛበት አልኳት።

«መንገድ ቢዘጋ ምን እንበላለን?» አለችኝ።

«ለምን ይዘጋል?»

«እኔ ምን አውቄ። ባውቀውማ ኖሮ ይሄን ሁሉ ለምን አስቀምጥ ነበር?»

ነገሩ በዚሁ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣ።

አውቶቡሶች ቆሙ። አዲስ አበባ ያሉት ሆቴሎች ሲዘጉ ተረካቢዎቹ ስልክ ማንሳት ተዉ። የበርበሬ ዋጋ መጀመሪያ ወረደ፤ ኋላ ጭራሽ ገዢ ጠፋ። ሠርግ ስለቀረ የእኔንም ልብስ የሚጠይቅ አልነበረም። ተከራዮቻችን ሥራ ፈትተው ኪራዩን መክፈል አቃታቸው፤ እሷም «ሲከፈት ትከፍላላችሁ» ብላ ተወችላቸው። ማሳ ወርደን እንሰት አስፋቅን። ጉድጓድ ውስጥ የነበረውን ቆጮ ከተከራዮቹ ጋር ተካፍለን በላን።

ከኮሮና በፊት ከሞከረቻቸው ነገሮች አንዱ የተዘጋጀ በርበሬ ነበር። ቀምማና አስፈጭታ በትንንሽ ላስቲክ ታሽገዋለች። ያኔ ማንም ዞር ብሎ አላየላትም። አሁን ግን አዲስ አበባ ውስጥ ገበያና ወፍጮ ቤት መሄድ የፈራ ሰው በስልክ ያዝዛት ጀመር። የጭነት መኪና አልቆመም ነበርና አንድ የአይሱዙ ሾፌር ያደርስላት ነበር። ትእዛዙ እየበዛ ሲሄድ ያላት ዛላ አለቀባት።

በዚህ መሀል ነው ሀጂ ከባለቤታቸው ጋር ቤታችን የመጡት። በርበሬያቸው ቀለሙን እየለቀቀ ነበር፤ ባንኩም ዕዳውን ይጠይቃቸዋል። መጋዘኑን በፈለግሽው ዋጋ ውሰጂው አሏት። እኔ በልቤ እሰይ ብያለሁ፤ መሀል ገበያ ላይ ያለ ቦታ ነው። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ሀጂ፣ መጋዘኑን ከሸጡልኝ ነገ በምን ይነሳሉ? ቦታው ይቅርብኝ፤ በርበሬውን ይሽጡልኝ» አለቻቸው።

ሳይበላሽ የቀረውን አስለቅማ፣ ማንም ከሚሰጣቸው በተሻለ ዋጋ ገዛቻቸው። ማንም የሚገዛበት አቅም በሌለው ሰዓት እሷ የማይነካው ገንዘቧ ነበራት። ሀጂ ቆባቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉና «አላህ ያክብርሽ» ብቻ አሉ። እኔ ሚስቴን አየሁ። የተዘጋጀችው ለራሷ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ተከራዮቹ ቀስ በቀስ ከፈሉን። እሷም ሴቶች ቀጥራ ማሸጉን ቀጠለች። ዘንድሮ ሰው ሁሉ አቮካዶ ላይ ነው፤ እሷ ከማሳው ጥግ ጥቂት ችግኝ ተክላ የቀረውን ለእንሰቱ ትታለች። ሀጂ ቤታቸው ተርፎላቸው አሁንም ይነግዳሉ፤ የመጋዘኑን ግማሽ ግን ለእህል ነጋዴ አከራይተዋል። ባለቤቴ በደጃቸው ስታልፍ፣ በዕድሜ ልጃቸው ብትሆንም፣ ከወንበራቸው ተነስተው ነው ሰላም የሚሏት።