ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

እኔ «አዎ» ስል ድምፅ አላወጣም። ትንፋሼን ሳብ አድርጌ ወደ ውስጥ አስገባለሁ፤ በቃ፣ አዎ ማለት ነው። እኛ ቤት ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። እስራኤል አገር፣ ርሖቮት ከተማ ተወልጄ፣ በዕብራይስጥ ተምሬ፣ የውትድርና አገልግሎቴንም ጨርሼ ይህ ትንፋሽ አልለቀቀኝም። ችግር መሆኑን ያወቅሁት በእርሻ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመቴ፣ ስለ አፈር ለመማር ለአንድ ሴሚስተር ወደ አሜሪካ እንድሄድ ስመረጥ ነው።

ከጉዞው በፊት የምንሄደውን ተማሪዎች ሰብስበው ስለ ድንበሩ አስረዱን። ቪዛ ብቻውን አያስገባም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው በሩ ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ካላሳመናችሁት ከዚያው ይመልሳችኋል አሉን። ወረቀቶቻችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ለምን እንደመጣችሁ፣ የት እንደምታርፉ፣ መቼ እንደምትመለሱ በአጭሩና በእውነት ተናገሩ። እኔ ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ አንዲት አስተባባሪ እንደ መኮንን ሆና በየተራ ጠየቀችን። ተራዬ ደርሶ «ትምህርትሽን ስትጨርሺ ትመለሻለሽ?» ስትለኝ ትንፋሼን ሳብኩ።

እሷ ጠበቀች። እኔም የመለስኩ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ምነው፣ ደነገጥሽ?» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። «እዚያ እንዲህ ካደረግሽ የምትደብቂው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።»

የሰጡኝን ሁሉ በደንብ መሥራት እወዳለሁ። እርማቷን ይዤ ቤት ገባሁና እስከ ዓርብ ብቻዬን «አዎ፣ አዎ» እያልኩ ተለማመድኩ። ብቻዬን ስሆን ድምፁ ይወጣል። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ይጠፋል።

ዓርብ ከቀትር በፊት እናቴ ለሰንበት ልትገዛዛ ወጥታ ነበር። አባቴ ወጥ ቤት ቆሞ የመስክ ጫማዬን በአሮጌ ቢላዋ ይፍቃል፤ አፈር የያዘ ጫማ ድንበሩ ላይ ያስጠይቃል ብዬ ነግሬዋለሁ። አባቴ እዚሁ አቅራቢያ፣ ቂርያት ዔቅሮን ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ንግግር አያበዛም። አያቴ፣ ሁላችንም እምዬ የምንላት፣ አጠገቡ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«አባ፣ መኮንን ሁንልኝ» አልኩት።

«ደመወዙ ስንት ነው?»

«ያላ፣ ጀምር እንጂ፣ አባ!»

«ቤሰደር፣ እሺ።» ቢላዋውን አስቀምጦ ደረቱን ነፋ። «ለምን መጣሽ?» ነገርኩት። «የት ታርፊያለሽ?» ነገርኩት። «አፈር ይዘሻል?»

«አልያዝኩም።»

«አገርሽ አፈር የለም እንዴ፣ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ አፈር ልታዪ የመጣሽው?»

እምዬ ከምስሩ ላይ ሳቀች። «መልሺለት እንጂ! ለዚህ ሹመኛማ መልስ አይጠፋም።»

«ትመለሻለሽ?» አለኝ አባቴ፤ አሁን ሳቁን ትቶ ነበር።

ትንፋሼ ገባ።

«ይኸው! አየህ?» ጭኔን መታሁ። «ድምፅ እምቢ ይለኛል። ከበሩ ይመልሱኛል።»

«ምን አጠፋሽ? መልሰሽለታል» አለች እምዬ። «እኛስ ድንበሩን ያለፍነው በዚችው ትንፋሽ አይደል?»

አባቴ ጫማውን መልሶ አነሳ። «ይተዉት፣ እምዬ።»

አያቴ አባቴን አልወለደችውም። ማንም አስቀምጦ አልነገረኝም፤ ግን አውቀው ነበር። የሰፈራችን ሰው እናቱን «አንቺ» ሲል አባቴ እሷን «አንቱ» ይላታል። የወለደችው እናቱ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሻገር ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞታለች፤ እሱ ያኔ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚህ ያለፈውን አላውቅም ነበር።

«ልጅቷ ድንበር ልታልፍ ነው፤ ልንገራት» አለች እምዬ። አባቴ ጫማውን መፋቁን ቀጠለ። ፈቃድ ይሁን ክልከላ እኔ አልለየሁትም። እሷ ግን ጀመረች።

«እናቱን ማለዳ ቀበርናት። መሬቱ አልቆፈር ብሎን ድንጋይ ከመርንባት። እኔ ልጅ አልነበረኝም፣ እጁን ያዝኩት። መሪያችን ልጆቹን ሰብስቦ ‹ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማንም ቢጠይቃችሁ ዲዳ ሁኑ› አላቸው። ከልጅ አፍ ‹ኢየሩሳሌም› የምትል ቃል ካመለጠች አለቀልን። ብዙም ሳንሄድ የድንበር ጠባቂዎች አገኙን። አንዱ ጎንበስ አለና ‹ይቺ እናትህ ናት?› አለው። አይደለችም ካለ ሊወስዱት ነው። እናቱ ደግሞ እዚያው ነበረች፣ ከጉብታው ወዲያ።»

በእጇ ከኋላዋ፣ ወደ በረንዳው አመለከተች። እዚያ የተሰጣ አንሶላ እንጂ ሌላ አልነበረም። እኔም አባቴም ግን ዞር ብለን አየን።

«ምን አለ?» አልኳት።

አልነገረችኝም፤ አደረገችው። ትንፋሿን አጭር አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች። የአሮጊት ትንፋሽ አልነበረም፤ የልጅ ነበር።

አባቴ ቧንቧውን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ዲዳ አልነበርኩም» አለ ወደ ማጠቢያው እያየ። «ከአፍ የወጣውስ አፋፍ ነው። ወደ ውስጥ የገባው የት ይሄዳል?»

ከጫማዬ የፈቀውን አፈር በውሃ ያጥበዋል ብዬ ነበር። በጣቶቹ ሰብስቦ ወደ በረንዳው ይዞት ወጣ፤ የበሶብላው ጣሳ ላይ አኖረውና በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ መቀመጥ ከበደኝ። «ሻይ ልጨምርልህ?» እለዋለሁ፤ ትንፋሽ። «በሩን ቆለፍከው?» ትንፋሽ። ሁሉም ትንፋሽ ወደ አንድ ጥልቅ ቦታ የሚወርድ፣ ታች ደግሞ አንዲት ሴት ቆማ የምትሰማው ይመስለኝ ጀመር። የጉዞዬ ቀን ተነስቼ ስሄድ አባቴ ሻንጣዬን እስከ ታክሲው አወረደልኝ። ምንም እንዳልጠይቀው ተጠነቀቅሁ።

እዚያ ማዶ፣ አሜሪካ ስደርስ፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። መኮንኑ ወረቀቶቼን እያገላበጠ ለምን እንደመጣሁና የት እንደማርፍ ጠየቀኝ፤ እንደተለማመድኩት መለስኩ። ከዚያ ያልተለማመድኩትን አመጣ።

«አገርሽ ቤተሰብ አለሽ?»

ትንፋሼን ሳብኩ። ቀና ብሎ አየኝና ጠበቀ። ከወገቤ በታች፣ በሕፃን ቁመት፣ አንድ ሰው አብሮኝ ተጠግቶ የቆመ መሰለኝ። አልዞርኩም።

«አዎ» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። «እናትና አባት አሉኝ። አያትም አለችኝ። አባቴን እሷ ናት ያሳደገችው።»

ይህን ያህል አልጠየቀኝም። ማኅተሙን መታና እለፊ አለኝ።

ከሻንጣ መቀበያው ሆኜ ቤት ደወልኩ። እምዬ አነሳች።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«ምን ጠየቁሽ?»

«ቤተሰብ አለሽ ወይ አሉኝ። አንቺን ጠራሁሽ።»

«በትንፋሽ?»

«አይ፣ በድምፅ።»

«ሰማህ?» አለች ከስልኩ ዞር ብላ።

አባቴ ቅርብ ነበር መሰለኝ፤ ትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ሲወጣ ለመስማት ጠበቅሁ።